በሌሊት የትንፋሽ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች የጆሮና የማዞር ችግር በቆላ አገር

በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚቸገር ሰው፣ በሐኪም ትእዛዝ ሌሊት ሌሊት በአፍንጫው ላይ ጭንብል አድርጎ፣ አየር በሚነፋ መሣሪያ እየታገዘ እንዲተኛ ይደረጋል። የመሣሪያው ስም ሲፓፕ ይባላል። ይህን መሣሪያ ይዞ ከደጋ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ሰመራ የሚወርድ መምህር፣ ነጋዴ ወይም ሹፌር ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ «ጆሮዬን ደፈነኝ፤ ስነሣም ያዞረኛል» ብሎ መሣሪያውን ወደ ሣጥኑ ቢመልሰው አያስደንቅም። ነገር ግን ጆሮን የሚደፍነው ነገርና ራስን የሚያዞረው ነገር ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። በቆላ ደግሞ የሙቀቱ ጥፋት በመሣሪያው ላይ ሲላከክ ይታያል። ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንድ ሰው ላይ የአየሩ መንገድ ጨርሶ እስኪዘጋ ድረስ ይጠብባል፤ ትንፋሹም 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ይቆማል። ይህ በአንድ ሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ሕመሙ ከባድ ነው ይባላል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በአፍንጫ በኩል የሚነፋ አየር ይህን መንገድ ከፍቶ ሊያቆየው እንደሚችል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 አስታወቁ። ከዚያ በፊት ሕመሙ ለጠናበት ሰው የነበረው ዋና ሕክምና ጉሮሮን በስቶ የትንፋሽ ቀዳዳ ማበጀት ነበር።

አሁን ወደ ጆሮ እንለፍ። ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ በአየር የተሞላ ትንሽ ክፍል አለ። ይህ ክፍል የኢዩስታኪዩስ ቱቦ በሚባል ቀጭን መንገድ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር ይገናኛል። ቱቦው ዘወትር ዝግ ሲሆን፣ ስንውጥና ስናዛጋ ለቅጽበት ይከፈታል። ጭንብል ያደረገ ሰው ተኝቶ ምራቁን በዋጠ ቁጥር የመሣሪያው ግፊት በዚህ ቱቦ ገብቶ ታምቡሩን ወደ ውጭ በመጠኑ ይገፋዋል። ጧት ጆሮው የተደፈነ የሚመስለው፣ ጥቂት ጊዜ ውጦ ሲያዛጋም የሚለቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ብቻ ከሆነ የሚያሠጋ ነገር የለውም።

ግፊቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ፣ ቀጭን ቱቦ በረዘም ያለ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ 10 ሴንቲሜትር አጥልቆ አረፋ እስኪወጣ ድረስ በቀስታ ይንፋ። ያ ግፊት 10 ሴንቲሜትር ውኃ ይባላል። የመሣሪያው ግፊትም በአብዛኛው ከ4 እስከ 20 ባለው መካከል ይታዘዛል። (መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ቢያሳዩት ተማሪዎች ይወዱታል ብለን እናምናለን።) 10 ሴንቲሜትር ውኃ ማለት አንድ ሰው 90 ሜትር ያህል ቁልቁለት ሲወርድ በዙሪያው ከሚጨምረው የአየር ግፊት ጋር የሚተካከል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ 1,000 ሜትር ገደማ፣ ሰመራ ደግሞ 430 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ሰመራ ድረስ ያለው መንገድ በጆሮ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከጭንብሉ ግፊት 20 እጥፍ ያህል ይበልጣል። አቅጣጫውም ተቃራኒ ነው፤ ቁልቁለቱ ታምቡርን ወደ ውስጥ ሲጫነው መሣሪያው ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ጤናማ ቱቦ ሁለቱንም ያስተካክላል። ጉንፋን የያዘው ወይም አፍንጫው የታፈነ ሰው ግን የቱቦው አፍ ስለሚያብጥ ማስተካከል አይችልም። አንዱ ጆሮ ተከፍቶ ሌላው ሲዘጋ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ሚዛንን የሚጠብቀውን የውስጥ ጆሮ ያውክና ለአጭር ጊዜ ያዞራል። ስለዚህ በጉንፋን ጊዜ ወደ ቆላ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ደጋግሞ ይዋጥ፣ ያዛጋ፤ በቁልቁለቱም ላይ ባይተኛ ይሻለዋል። አፍንጫውን ይዞ በኃይል መንፋት ግን ታምቡርን ሊጎዳ ስለሚችል አይገባም።

ከዚህ እንደሚታየው ዋናው ጉዳይ አፍንጫ ነው። የአፋር ቆላ አየር ደረቅና አቧራማ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ በግፊት ሲነፋ አፍንጫን ያደርቃል፤ የደረቀ አፍንጫም ያብጣል፣ ይታፈናል። መድኃኒቱ አየሩን ማርጠብ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ለዚህ የሚሆን የውኃ ዕቃ አላቸው። በውስጡ የሚጨመረው የተጣራ፣ ማለትም በእንፋሎት የተገኘ ውኃ ሊሆን ይገባል። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ ጨውና ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ጨውን አያስወግድም። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ፈሳሽ ሳይለዩ መግዛት ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው፤ አሲድ ሊሆን ይችላልና። ዕቃው በየቀኑ ይታጠብ፤ ያደረ ውኃ ይደፋ። የአየር ማጣሪያው አቧራ በበዛበት ወራት ቶሎ ቶሎ ይታይ። ክፍሉ በማቀዝቀዣ ቀዝቅዞ በጎማው ውስጥ ውኃ ከተጠራቀመ፣ መሣሪያውን ከአልጋው ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይረዳል።

ማዞርን በተመለከተ መጠየቅ የሚገባው «መቼ ያዞራል?» የሚለው ነው። ከአልጋ ተነሥቶ ሲቆም ዐይኑን የሚያጨልመው ሰው፣ በተለይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት፣ ውኃ ያነሰው ሊሆን ይችላል። ሽንቱ ጠቆር ካለ ይህን ግምት ያጠነክራል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ይልቁንም ሽንት የሚያበዛውን፣ ችግሩ ይብስበታል። ደግሞም የትንፋሹ ሕመም ሲታከም የደም ግፊት በመጠኑ ሊቀንስ ስለሚችል የመድኃኒቱን ልክ ሐኪም እንደገና ሊያየው ይገባል። በረመዳን የሚጾም ሰው ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ውኃውን ከፋፍሎ ይጠጣ፤ መድኃኒት የሚወስድም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይመካከር።

ተኝቶ ሲገላበጥ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ቤቱ የሚሽከረከርበት ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በውስጥ ጆሮው ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ከስፍራቸው ለቀውበታል። ይህንንም የሠለጠነ ሐኪም ራሱን በተወሰነ ሥርዓት በማዟዟር ያድነዋል። ጭንብሉን ሲያደርግ ተጨንቆ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስና ጣቱን የሚነዝረው ሰው፣ ቀን ነቅቶ ሳለ ጭንብሉን ጥቂት ጥቂት ጊዜ እያደረገ ቢለማመድ ይቀለዋል።

ከማዞሩ ጋር የንግግር መኮላተፍ፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ፣ ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ጆሮ በድንገት መስማት ቢያቆምም እንዲሁ ቀን አይሰጠውም። የጆሮ ሕመም ከትኩሳት ጋር፣ ወይም መግል ወይም ደም ከጆሮ ሲወጣ፣ ታምቡሩ በመመልከቻ መሣሪያ ሳይታይ ዘይት፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም የጆሮ ጠብታ አይጨመርበት።

ግፊቱ በዛ ብሎ የሚያስብ ሰው ቁጥሩን በገዛ እጁ አይቀንስ፤ የታዘዘውን ለሚከታተለው ሐኪም ይንገር። ብዙ መሣሪያዎች ግፊቱን ከዝቅተኛ ጀምረው ቀስ በቀስ የሚያሳድጉበት ስልት አላቸው፤ እሱን ማስከፈት ይቻላል። አፍንጫው ፈጽሞ ታፍኖ ወይም ጆሮውን ክፉኛ አሞት ጭንብሉን ማድረግ ያልቻለ ሰው እስኪታይ ድረስ በጎኑ ይተኛ፤ ከአልኮልና ከእንቅልፍ ኪኒን ይራቅ። ከጂቡቲ በገላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ከሆነ ደግሞ፣ ያለ መሣሪያው ባደረ ማግሥት እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው መሪ አይጨብጥ፤ ተራውን ለረዳት ሹፌር ይስጥ፤ ረዳት ሹፌር ከሌለም ጉዞው ይዘግይ።