የመሐንዲስ ዲግሪ ወሰን ሲሻገር

በምዕራብ ጎንደር ዳርቻ የምትገኘው መተማ ዮሐንስና ከወሰኑ ማዶ ያለችው የሱዳኗ ጋላባት በጣም ከመቀራረባቸው የተነሣ፣ በአንዲቱ የጮኸ ዶሮ በሌላይቱ ይሰማል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጋላባት ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ገዳሪፍ ይደርሳል። ገዳሪፍ በማሽላና በሰሊጥ እርሻ የታወቀች የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት፤ በአረምና በአጨዳ ወራት ብዙ ኢትዮጵያውያን የቀን ሠራተኞች ወደ እርሻዎቿ ሲጎርፉ ኖረዋል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በሸኸዲ በኩል አልፎ ገዳሪፍ የሚደርስ የ230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ተመርቆ የሁለቱን አገሮች የኃይል መረብ አገናኘ።

ኤሌክትሪክ ከአንዱ አገር መረብ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ሽቦ ስለ ተዘረጋ ብቻ አይደለም። በሁለቱም ወገን ያለው ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ፣ የቮልቴጁ መጠን የተስማማ፣ ምልልሱም እኩል የሚነሣና እኩል የሚወድቅ መሆን አለበት። ይህ ሳይሟላ መስመሩ ቢገናኝ መሣሪያው ለከባድ ጉዳት ይጋለጣል። ስለዚህ መሐንዲሶች አስቀድመው ሁለቱንም ወገን በአንድ መለኪያ ይለካሉ። እንግዲህ መስመሩን የሠራው መሐንዲስ ራሱ ወሰኑን ቢሻገር፣ በእጁ የያዘውን ዲግሪ የማዶው ሰው በምን ይለካዋል?

ይህ ጥያቄ ለጨዋታ ያህል የተነሣ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ፤ ብዙዎቹም በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ሠፈሩ። ከእነርሱም መካከል ትምህርታቸውን ያቋረጡ ተማሪዎች ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ የስደቱ አቅጣጫ ተገለበጠ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፣ ተዘረፉም። ከዋና ከተማው የሸሸው ሕዝብ በከፊል ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ ሌላውም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የምሕንድስና ትምህርቱን አራተኛ ዓመት ላይ አድርሶ የውጤት ማስረጃውን ሳይዝ የወጣ ተማሪ ለማንም የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም።

የትምህርት ዕውቅና ማለት ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነ አካል ትምህርቱን መርምሮ፣ ተመራቂው ለሙያው የሚበቃ መሆኑን በመመስከር የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ዕውቅናው የሚሰጠው ለተማሪው ሳይሆን ለትምህርቱ ነው። በከተሞቻችን ጎዳና ላይ «ዕውቅና ያለው ኮሌጅ» የሚል ማስታወቂያ ስናነብ ልንጠይቀው የሚገባን ነገር አለ፤ ዕውቅናው ለየትኛው የትምህርት ዘርፍ፣ በየትኛው ቅጥር ግቢ፣ እስከ መቼ የሚጸና ነው? በአንድ ከተማ ለሚሰጥ የሲቪል ምሕንድስና ትምህርት የተሰጠ ዕውቅና፣ ያው ኮሌጅ በሌላ ከተማ ለከፈተው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አያገለግልም።

ሙያውን የመቆጣጠር አስፈላጊነት የታየው በውኃ ምክንያት መሆኑ ይገርማል። በአሜሪካ የዋዮሚንግ ግዛት ገበሬዎች የመስኖ ውኃ ለማግኘት የሚያቀርቡትን ካርታ የሕግ ጠበቆችና የውል አዋዋዮች ሳይቀሩ እየሠሩ ይፈርሙበት ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1907 መሐንዲስ ነኝ የሚል ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ነገር ግን ፈቃድ የሚመዝነው አንድን ሰው ነው፤ ሰውየውን ያስተማረውን ትምህርት ግን የሚመዝን አልነበረም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1932 የአሜሪካ የመሐንዲሶች ማኅበራት በአንድነት አንድ ምክር ቤት አቋቁመው የምሕንድስና ትምህርቶችን እየዞሩ መመርመር ጀመሩ።

መርማሪዎቹ በመጀመሪያው ዘመን በይበልጥ የሚመለከቱት ሊቈጠር የሚችለውን ነገር ነበር። የመጻሕፍቱን ብዛት፣ የመምህራኑን ማዕርግ፣ የቤተ ሙከራውን ስፋት፣ ለየትምህርቱ የተመደበውን ሰዓት ይመዘግቡ ነበር። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ተማሪው በመጨረሻ ምን መሥራት እንደሚችል አይናገርም። ጎተራ የሞላበት ቤት ሁሉ ጥሩ እንጀራ አይጋገርበትም። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ግን አመለካከቱ ተለውጦ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ተመራቂው ሊያከናውነው የሚገባውን ተግባር በጽሑፍ እንዲያስቀምጥና መፈጸሙንም በማስረጃ እንዲያሳይ ይጠየቃል። የትምህርት ግብ የሚባለው ይህ ነው።

የትምህርት ግብ ምን እንደሚመስል ለመረዳት በዚያው በምሥራቅ ሱዳን የሚገኘውን የኻሽም ኤል ጊርባን ግድብ እንመልከት። ግድቡ የተሠራው በአትባራ ወንዝ ላይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጠናቀቅ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዝ ነበር። በአስዋን ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሐልፋ የተነሡት ኑባውያን በኒው ሐልፋ ሠፍረው የሚያርሱት በዚሁ ውኃ ነው። ይሁን እንጂ አትባራ ከኢትዮጵያ ደጋ በጓንግ፣ በአንገረብና በተከዜ በኩል ብዙ አፈር ይዞ ይወርዳል። ተከዜን ሱዳኖች ሰቲት ይሉታል። በጥቂት ዐሠርት ዓመታት ውስጥ ደለሉ የሐይቁን የመያዝ ችሎታ ግማሽ ያህል ቀነሰው። ስለዚህ በየክረምቱ የግድቡን በሮች ከፍቶ ደለሉን በጎርፍ ማጠብ የዘወትር ሥራ ሆነ።

አሁን ሁለት አጻጻፎችን እናወዳድር። የአንድ ኮሌጅ መዝገብ «ተማሪው የውኃ ምሕንድስና 4 ክሬዲት ይማራል» ሊል ይችላል። ሌላው ደግሞ «ተመራቂው አንድ ወንዝ በዓመት የሚያመጣውን ደለል ገምቶ የግድቡን ዕድሜ ያሰላል፤ ሥራው በላይኛውና በታችኛው ተፋሰስ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የሚያስከትለውን ለገበሬው በሚገባ ቋንቋ ያስረዳል» ይላል። ሁለተኛው ሊፈተን የሚችል ነው። የገዳሪፍ መሬትም እንደዚሁ ነው። ክረምት ሲገባ የሚያብጥ፣ በጋ ሲሆን የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ፣ በላዩ የሚሠራ ቤት መሠረቱ በጥንቃቄ ካልታሰበ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ይኸው አፈር በጎንደር ቆላና በሌሎችም የአገራችን ክፍሎች ይገኛል። ስለዚህ «በሚያብጥ አፈር ላይ መሠረት ይነድፋል» የሚለው ግብ ወሰን አይለየውም።

መርማሪዎች ግቡ መፈጸሙን የሚያረጋግጡት የተማሪዎችን የፈተና ወረቀትና የመመረቂያ ሥራ እየመረጡ በማየት ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው፣ ለጥቂት የተረፈውና በመጨረሻው ነጥብ ያለፈው ተማሪ ወረቀት ነው። የአንደኛው ወረቀት የልጁን ብልህነት ሊመሰክር ይችላል፤ የመጨረሻው ግን ትምህርት ቤቱ «በቂ ነው» ያለውን ልክ ያሳያል። ድልድዩን ሊሠራ የሚችለው ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የስድስት አገሮች የምሕንድስና አካላት የዋሽንግተን ስምምነት በተባለው ሰነድ አንዱ የሌላውን ዕውቅና እንዲቀበል ተስማሙ፤ በኋላም ሌሎች አገሮች ተጨመሩ፤ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 ገባች። ኢትዮጵያና ሱዳን የዚህ ስምምነት አባላት አይደሉም።

በአገራችን የምሕንድስና ኮሌጅ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ጥራትን የሚመረምር ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ነው። ሥራው ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት መካከል ያለፉት ከመቶ 41 ያህል ነበሩ። ፈተናው ብዙ ነገር ገልጧል። ሆኖም በምርጫ ጥያቄ ሊለካ የሚችለው የግቦቹ ክፍል ብቻ ነው፤ ከሠራተኞች ጋር ተባብሮ መሥራት ወይም ስሕተትን አምኖ ንድፍን ማረም በምርጫ ጥያቄ አይታይም።

ወረቀቱን ስላጣው የካርቱም ተማሪ የሚመለከት ውል ግን አለ። በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የዕውቅና ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 2023፣ የሱዳኑ ጦርነት ሊጀመር ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነበር። ስምምነቱ ማስረጃ የሌለው ስደተኛ ትምህርቱ በሌላ መንገድ እንዲመዘን ያዛል። መዛኙ ተማሪው የተማራቸውን ትምህርቶች፣ የተጠቀመባቸውን መጻሕፍትና የሠራቸውን የቤተ ሙከራ ሥራዎች በጽሑፍ እንዲያቀርብ ያደርጋል። ቀጥሎም ይህንን ስለ ዩኒቨርሲቲው ከሚታወቀው ጋር ያመዛዝናል። በመጨረሻም ሥራ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ በዋልካ ላይ ለሚሠራ ትምህርት ቤት መሠረት እንዲነድፍ ይጠይቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይነሣል። ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብዙ የሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች ማስተማሪያው ዓረብኛ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ጥያቄውን ሰምቶ ዝም ቢል፣ ያጣው ዕውቀቱን ነው ወይስ ቃሉን? ጠንቃቃ መዛኝ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ ንድፉን እንዲሥለው ያደርጋል፤ ብረቱን ከመሠረቱ በየትኛው ወገን እንዳስቀመጠ፣ ጥልቀቱንም አፈሩ እርጥበት ከሚለዋወጥበት በታች ማውረዱን ከሥዕሉ ላይ ያነባል።