በሕግ የተከለከለ የአባት ስም

በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ለመውረር በምጽዋና በሞቃዲሾ ወደብ ከወረዱት በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ኢጣልያውያን መካከል፣ በአምስቱ የወረራ ዓመታት በአስመራም፣ በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በየምሽጉና በየመንገድ ሥራው ሰፈር ከአገሩ ሴቶች ልጅ የወለዱ ብዙዎች ነበሩ። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዱ በፍቅር፣ አንዳንዱ በችግር፣ አንዳንዱም በግድ የተፀነሰ ሲሆን፣ የብዙዎቹ ዕጣ ግን አንድ ሆነና አባታቸው ይሙት ይዳን ሳያውቁ እንደ እጓለ ማውታ አደጉ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ አባትየውን የመፈለጉንም ሥራ በአብዛኛው የያዙት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

አባትየው ልጁን ጥሎ ሄደ ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ ይሁን እንጂ ከእርሱ ጋር አብሮ ሊከሰስ የሚገባው የፋሺስቱ መንግሥት ሕግ ነው። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ «ተገዥ» ከምትባል ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረውን ኢጣልያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይቀጣ ነበር፤ ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ ከዚህ ብሶ፣ አባት ክልስ ልጁን በሕግ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል፣ ልጁም በአባቱ የቤተ ሰብ ስም እንዳይጠራ፣ የማሳደጉም ሸክም በሙሉ በአገሬዋ እናት ላይ እንዲወድቅ አዘዘ። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ግን አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነውን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ስለ ነበር፣ የወራሪው ሕግ የገፋቸውን ልጆች የእናታቸው አገር ሕግ አስቀድሞ ተቀብሏቸው ነበር። ጎረቤት ግን እንደ ሕጉ አልሆነም፤ «የጣልያን ዲቃላ» የሚለውን ስድብ ልጁ በየመንደሩ ሰምቶታል፣ እናቱም ያልበደለችውን በደል ተሸክማ ኖራለች።

ያልተመለሰው አባት ሁሉ ከዳተኛ አልነበረም። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች፣ በጎንደር የነበረውም የመጨረሻው ጦር በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ከሰጠ በኋላ፣ ምርኮኞቹ ወደ ኬንያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ህንድ ተጋዙ፤ በደቡብ አፍሪካ ዞንደርዋተር በተባለው ሰፈር ብቻ ከ100,000 በላይ ኢጣልያውያን አልፈዋል። «እመለሳለሁ» ብሎ የወጣ ሰው ከሽቦ አጥር ውስጥ ዓመታት ቈጥሮ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አገሩ ተጭኖ ሊሆን ይችላል።

የፍለጋው ትልቁ ዕንቅፋት ስም ነው። በእኛ ልማድ ሰው የሚታወቀው በራሱ ስም ስለሆነ፣ እናት ለልጇ ያቈየችው ማርዮ ወይም ጁሴፔ የሚለውን የክርስትና ስም ብቻ ነው፤ የኢጣልያ መዝገብ ግን የሚፈለገው በቤተ ሰብ ስም ነውና፣ ጁሴፔን ብቻ ይዞ መዝገብ ቤት መግባት በጎጃም ወልደ ማርያም የሚባል ሰው ፈልጉልኝ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ከቤተ ዘመድ አፍ የሚገኘው ሁሉ፣ መካኒክ ነበረ ወይስ ግንበኛ፣ የየትኛውን መንገድ ሲሠራ ታየ፣ ስለ አገሩ ሲያወራ ባሕር ያነሣ ነበር ወይስ በረዶ፣ ተጠይቆ መጻፍ አለበት።

ፎቶግራፍ ካለ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ይበልጥ ይናገራል። በሮማውያን አኃዝ 14 ተጽፎ ቢገኝ፣ ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ ጀምረው የሚቈጥሩት የራሳቸው ዘመን ሊሆን ስለሚችል፣ ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ዓ.ም. ያለውን ያመለክታል። ከፊቱ ደግሞ ባርኔጣው ይታይ፤ በጐኑ አንዲት ረጅም ላባ ቀጥ ብላ ከቆመች ሰውየው አልፒኒ ከሚባለው የተራራ ጦር ነው፣ ይህም ጦር በብዛት የሚመለመለው ከሰሜን ኢጣልያ ተራሮች ስለሆነ ፍለጋው ከሲሲልያ ይልቅ ወደዚያ ያዘነብላል።

የትውልድ ዓመቱና አውራጃው በግምት እንኳ ከታወቀ፣ ፎልዮ ማትሪኮላሬ የሚባለውን የወታደር ወረቀት ማስፈለግ ይቻላል። በዚህ ወረቀት ላይ የምልምሉ ወላጆች ስም፣ የትውልድ ቦታው፣ ቁመቱ፣ የዐይኑና የጠጕሩ መልክ፣ ሙያው፣ በየትኛው ቀን ምጽዋ እንደ ወረደ ሳይቀር ይጻፍ ነበር፤ የሚጠበቀውም በየአውራጃው ዋና ከተማ ባለው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ነው። መንደሩ ሲታወቅ ማዘጋጃ ቤቱና የደብሩ መዝገበ ጥምቀት ይከተላሉ፤ ምርኮኛ ለነበረውም በጄኔቭ ያለው ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የምርኮኞችን ካርድ ጠብቆ አቈይቷል። ወረቀቱ ካልተገኘ የሚቀረው የዘር ምርመራ ነው፤ ፈላጊው የወታደሩ የወንድ ልጁ ወንድ ልጅ ከሆነ የአያቱን የአባት መስመር ሳይለወጥ ይዞታል ማለት ይቻላል።

አባትየው ዛሬ በሕይወት ስለማይገኝ፣ ቤተ ሰቡ ሲገኝ የሚጻፈው ደብዳቤ የሚደርሰው ስለ ኢትዮጵያ ዘመኑ አንዳች ሳይነግራቸው ለሞተባቸው ልጆቹ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ አጭር፣ በኢጣልያንኛ የተጻፈ፣ የፎቶግራፉ ቅጂ የታከለበት ይሁን፤ ርስትና ገንዘብ እንደማይጠይቅ በግልጽ ተናግሮ፣ የሟቹን ሥዕልና የተቀበረበትን ቦታ ብቻ ይለምን። ልጆቹ ዝም ቢሉም የልጅ ልጆቹ ስለ አያታቸው ለማወቅ ይበልጥ ስለሚጓጉ፣ ጥቂት ወራት ቈይቶ ለእነርሱም መጻፍ ተገቢ ነው።