በቪድዮ ንግግር መሐል ስለሚቋረጥ የኢንተርኔት መስመር
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ልጁን ወይም እኅቱን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ልኮ የሚኖር ቤተሰብ ብዙ መሆኑ የታወቀ ነው። እናት በሳምንት አንድ ቀን፥ ልጅዋ ከሥራ በምታርፍበት ሰዓት፥ ፊቷን እያየች ልታነጋግራት ተዘጋጅታ ትቀመጣለች። ሰላምታው ሳያልቅ ምስሉ ይደርቃል፤ ድምፁም ይጠፋል። እናቲቱም የተበላሸው መስመሩ መሆኑን ስለማታውቅ «ልጄን ምን አገኛት?» እያለች በጭንቀት ታድራለች። የመንግሥት ሠራተኛም ከቤቱ ሆኖ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ጋራ በሚደረግ የቪድዮ ስብሰባ ላይ፥ ተራው ደርሶ ሊናገር ሲል መስመሩ ቢጠፋበት የሚደርስበትን ኀፍረት የቀመሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ይህ ጉድለት ከምን እንደሚመጣና እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ባጭሩ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ፥ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ያለ ችግር እየሄደ ቪድዮ ብቻ የሚቋረጠው ለምንድን ነው? በኢንተርኔት የሚላክ ማናቸውም ነገር በጥቃቅን ጥቅል ተከፋፍሎ ይጓዛል። አንዱ ጥቅል በመንገድ ቢጠፋ የጽሑፍ መልእክት ዳግመኛ ተልኮ ጥቂት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ተቀባዩም መዘግየቱን ልብ አይለውም። ተቀርጾ የተቀመጠ ፊልምም ቀጣዩን ክፍል አስቀድሞ ስለሚያጠራቅም አጭር መቋረጥን ይችላል። የፊት ለፊት ንግግር ግን እንደ ወራጅ ውሃ ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ምስል ጊዜው አልፎበታልና አይጠቅምም። እንግዲህ ቪድዮ ተሸሽጎ የኖረውን ጉድለት ይገልጠዋል እንጂ ብዙውን ጊዜ ራሱ አይፈጥረውም።

መንገዱን በሦስት ከፍለን እንመልከተው። አንደኛው ከስልክዎ እስከ ሞደሙ ያለው ዋይፋይ ነው። ሁለተኛው ሞደሙ ራሱና የኤሌክትሪክ ኀይሉ ነው። ሦስተኛው ከቤት ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ነው። ጥፋቱ ከሦስቱ በየትኛው እንዳለ ሳይለዩ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ጥቅል መግዛት፥ በሽታውን ሳያውቁ መድኀኒት እንደ መዋጥ ነው።

መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ሁላችንም የምንቸኩለው ሞደሙን አጥፍቶ ለማብራት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምስክሩን ማባረር ነው። አስቀድመው መብራቶቹን ይመልከቱ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፍተው ከተነሡ ጥፋቱ ከኤሌክትሪክ ወይም ከሞደሙ ነው። የኀይሉ መብራት በርቶ የመስመሩ መብራት ከጠፋ ወይም ቀይ ከሆነ ጥፋቱ ከቤት ወደ ውጭ ባለው መስመር ነው። ሁሉም እንደ ወትሮው በርተው ምስሉ ብቻ ከደረቀ ግን ዋይፋዩን ወይም የተጠቃሚውን ብዛት ይጠርጥሩ።

ዋይፋዩን ለመመርመር ከሞደሙ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ይነጋገሩ። በዚያ ካልተቋረጠ ያስቸገረው የድንጋይ ግንብ፥ የብረት በር ወይም ቆርቆሮ ነውና ሞደሙን ከፍ ካለና ከቤቱ መካከል ከሆነ ስፍራ ያኑሩት። ሁለት ዓይነት ሞገድ ያለው ሞደም ከሆነ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ግድግዳ ማለፍ ይችላል፤ ነገር ግን የጎረቤት ሞደም ሁሉ ይጋፋበታል። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ሲሆን በግድግዳ ይደክማል። ለቪድዮ በአንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ሁለተኛው ይመረጣል።

ስለ ኤሌክትሪክ የምናገረው በራሴ የደረሰውን ነው። ደሴ በምኖርበት ቤት ቅዳሜ ጧት መስመሩ እየተቋረጠ ሁለት ጊዜ በስልክ አማርሬአለሁ። በኋላ እንደ ተገነዘብሁት ግን ቅዳሜ ጧት በቤታችን እንጀራ የሚጋገርበት ሰዓት ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ሞደሙም ከምጣዱ ጋራ በአንድ የላላ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ ነበርና ምጣዱ በበራ ቁጥር ኀይሉ ዝቅ ብሎ ሞደሙ ጠፍቶ ይነሣ ነበር። ምጣድን በማከፋፈያ መሰካት ለእሳት አደጋም የሚያጋልጥ ነው። ሁለቱን ብንለያያቸው ችግሩ በዚያው ቀረ። እንደዚሁም ሞደሙን ለጌጥ ብሎ ዳንቴል ማልበስ፥ ይልቁንም ሙቀቱ ከደሴ በሚበልጠው በኮምቦልቻ፥ መሣሪያውን አግሎ ሥራውን ያሰናክላል።

ስለ ውጭው መስመር፥ በደሴ ብዙ ሰው ጉሙን ይወቅሳል። ጉም ግን ለሞባይልና ለዋይፋይ ሞገድ ይህን ያህል እንቅፋት አይሆንም። የሚያስቸግረው በመዳብ ሽቦው መጋጠሚያ ውስጥ የገባ የክረምት ውሃ ነው። መስመሩ የመዳብ ከሆነ ስልኩን አንሥተው ያዳምጡ፤ የሚንጫጫ ድምፅ ካለ ሽቦው ታሟል። ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚጠፋ ከሆነም ድምፁን ከኢንተርኔቱ የምትለየው ትንሽ ማጣሪያ ጎድላለች ወይም ተበላሽታለች። የፋይበር መስመር በብርሃን የሚሠራ ስለሆነ ሽቦው በጣም ከታጠፈ ብርሃኑ ያመልጣል። በሲም ካርድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የጦሳ ተራራ ከጋረደው ክፍል ይልቅ ወደ አንቴናው የሚመለከት መስኮት ይሻላል።

የተጠቃሚውም ብዛት አይዘንጋ። ደኅና የቪድዮ ንግግር በሰከንድ 1 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል፤ ይህም ባንድ ወገን ብቻ በሰዓት 450 ሜጋባይት ነው። እርስዎ ሲነጋገሩ በሌላ ክፍል ያለው ስልክ ፎቶግራፎቹን በስውር ወደ ውጭ ቢልክ፥ የመላኪያው መንገድ ከመቀበያው ብዙ ጊዜ የጠበበ ነውና ምስልዎ ይታፈናል።

እርግጥ ነው፥ ከቤት ሆነው ሊያድኑት የማይቻል መቋረጥ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች በደረሰ ጊዜ፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻም ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተዘጋ ጊዜ፥ ሞደም መመርመር ምንም ባልጠቀመ ነበር። ጥፋቱ ከውጭ መሆኑን ሲያረጋግጡ ግን ለአንድ ሳምንት ቀኑን፥ ሰዓቱንና የመብራቱን ሁኔታ በደብተር ይጻፉ። «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ከሚለው ይልቅ «ዝናብ በዘነበ ማታ የመስመሩ መብራት ይጠፋል» የሚለው አቤቱታ ባለሙያውን በቀጥታ ወደ ጥፋቱ ይመራዋል።

በመጨረሻም ከሩቅ ዘመድዎ ጋራ አስቀድመው አንድ ነገር ይስማሙ። መስመሩ ሲደክም ምስሉን አጥፍተው በድምፅ ብቻ ይነጋገሩ፤ ድምፅ የሚፈልገው ከምስሉ ዐሥር እጅ ያነሰ ነው። ፈጽሞ ከተቋረጠም «ደኅና ነኝ፤ የጠፋው መስመሩ ነው» የሚል አጭር ጽሑፍ ይላክ። ጽሑፍ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳልና እናትም ተጨንቃ አታድርም።