ፊቱን ለብቻ፣ ነጠላውን ለብቻ

በጥምቀት፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ ነጭ ነጠላ የለበሰች እናት ፎቶ ስትነሳ ካሜራው ሁለቱን አንድ ላይ አይችላቸውም። ብርሃኑን ለነጠላው ቢመጥን ፊቷ ይጨልማል፤ ለፊቷ ቢመጥን የነጠላው ሽመና ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። ከሁለቱ ለነጠላው መመጠን ይሻላል። የጨለመ ፊት ውስጥ መረጃው አለ፤ ከልክ በላይ የነጣ ጨርቅ ውስጥ ግን የሚመለስ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ፊቷን ብቻ ነጥሎ ማብራት ይቀራል፤ ይህ የማስክ ሥራ ነው።

ማስክ ከፎቶው ጋር ልክ በልክ የሚገጥም፣ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ያለበት ሌላ ምስል ነው። ነጭ በሆነበት ቦታ እርማቱ ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ ጥቁር በሆነበት ፎቶው እንዳለ ይቆያል፤ ግራጫው በመጠኑ ያሳልፋል። የተለመደው ማስክ ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ 256 ደረጃዎች አሉት። ጉንጯ ላይ ያለች አንዲት ፒክስል 80 ነበረች፣ ብርሃን ሲጨመርባት 140 ትሆናለች እንበል። ማስኩ እዚያ ላይ መካከለኛ ግራጫ ከሆነ ውጤቱ 110 ነው። ሒሳቡ ይኸው ነው። ዋናው ፎቶ ስለማይነካ ነገም ከነገ ወዲያም ሐሳብን መቀየር ይቻላል፤ ማስኩን በጥቁር ብሩሽ መልሶ መቀባት ብቻ ነው።

ዘዴው ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ የሚያትሙ ባለሙያዎች ከማጉያው የሚወርደውን ብርሃን በመዳፋቸው ወይም ሽቦ ጫፍ ላይ በተለጠፈ ካርቶን ለጥቂት ሰከንድ ይከልሉ ነበር፤ የተከለለው ቦታ ፈካ ብሎ ይወጣል። መሐሉ በተበሳ ካርቶን ተጨማሪ ብርሃን ሲያሳልፉ ደግሞ ያ ቦታ ይጠቁራል። ታዲያ እጃቸው አያርፍም፤ ካረፈ የካርቶኑ ጠርዝ ወረቀቱ ላይ መስመር ሆኖ ይቀራል። ማተሚያ ቤቶችም ሩቢሊዝ የሚባለውን ቀይ ፊልም በምላጭ እየቆረጡ ብርሃን እንዳያገኘው የሚፈልጉትን ቦታ ይሸፍኑበት ነበር። ፎቶሾፕ ማስክን በቀይ ሸፍኖ ማሳየቱን የወረሰው ከዚያ ነው።

ዛሬ መምረጡን ማሽኑ ራሱ ይሞክራል። የፎቶ ማረሚያው ፕሮግራም ላይትሩም እ.ኤ.አ. በ2021 ፎቶው ላይ ዋና የሆነውን ሰው ወይም ነገር፣ እንዲሁም ሰማዩን በአንድ ጠቅታ ለይቶ ማስክ ማበጀት ጀመረ። ብዙ ድካም ያቀልላል፤ ጠርዝ ላይ ግን ዓይንን ማመን ነው። ፀጉር ዳር፣ የነጠላው ዘርፍ ዳር፣ ብርሃን በሚያሳልፈው ስስ ሽመና ላይ ይስታል፤ ፊት ዙሪያም ብርሃናማ ክበብ ትቶ ይሄዳል። ያቺን ክበብ ያየ ሰው ፎቶው እንደተነካካ ወዲያው ያውቃል።

ለነጠላ እኔ የምመርጠው በብርሃን መጠን የሚለየውን ማስክ ነው። ከፎቶው ደማቁን ክፍል ብቻ ያዝ ሲባል ጨርቁን እስከ ክሩ ይይዛል፤ በብሩሽ እንዲህ አድርጎ መቀባት አይቻልም። አብሮ ሰማዩንና የዓይኗን ነጭ ይይዛል፤ እነዚያን በብሩሽ መቀነስ ነው። ከዚያ ድምቀቱን ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉት ጥለቱም እጥፋቱም ይወጣል። ለፊቷ ሌላ ማስክ ይከፈታል፤ ዳሩን አለስልሶ፣ ብርሃኑን በጥቂቱ ጨምሮ። እዚህ ላይ ብዙ የሠርግ ፎቶዎች ያሳዝኑኛል። ሙሽራዋ ከአንገቷ ይልቅ ፊቷ ቀልቶ፣ ጠይምነቷ ጠፍቶ ትወጣለች። ማስኩ የተፈለገው በጥላ የተደበቀውን መልክ ለማውጣት ነበር፤ ሌላ መልክ ለመስጠት አይደለም። አንገትና እጅን እያስተያዩ ማብራት ይህን ይከላከላል።

ገንዘብ የማይጠይቁ የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራሞችም አሉ። ጊምፕና ዳርክቴብል በነፃ የሚወርዱ ናቸው፤ ሁለቱም ማስክ አላቸው፤ ዳርክቴብል በብርሃንና በቀለም መጠን የሚለየውንም ይዟል። ስልክ ላይ ስናፕሲድ የሚባለው መተግበሪያ የተሠራውን እርማት እንደገና ከፍቶ በጣት እየቀቡ በተፈለገው ቦታ ብቻ እንዲታይ ያስችላል። የብሩሹን መጠን የሚወስነው ፎቶው የጎላበት ልክ ስለሆነ ለከንፈርና ለዓይን ዙሪያ አጉልቶ፣ ለሰማይ አሳንሶ መቀባት ነው።