ከማስገባቱ በፊትና በኋላ

ፒክ ላይን ስናስገባ ለሚያይ ሰው ዋናው ሥራ ያ ይመስለዋል። በአልትራሳውንድ የላይኛው ክንድ ደም ሥር ይፈለጋል፤ ፒክ ላይን የሚባለው ለስላሳ ቱቦ ይገባና ጫፉ ልብ አጠገብ ካለው ትልቁ ደም መላሽ ይደርሳል። ቦታውን መያዙ በራጅ ወይም በኢሲጂ ይረጋገጣል። በለመደ እጅ ይህ ረጅም ሰዓት አይወስድም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በፊት የሚወሰነውና ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው።

እዚህ አሜሪካ አጥንቱ ያመረቀዘ ሰው ብዙ ጊዜ 6 ሳምንት ያህል በዚህ ቱቦ በኩል በደም ሥር መድኃኒት ይወስዳል፤ አብዛኛውንም ቤቱ ሆኖ። አስታማሚው እንግዲህ ቤተሰብ ነው። በቅርቡ አንድ ወጣት የእናቱን ፒክ ላይን እንዲያጥብ ሳስተምረው፣ የቱቦውን ክዳን በአልኮል አንዴ ዳበስ አድርጎ ሲሪንጁን ሊገጥም ሲል እጁን ያዝኩት።

«ነካ ካደረገው አይበቃም?» አለኝ።

አይበቃም። 15 ሰከንድ ያህል ጫን ብሎ ማሸት፣ ከዚያ በራሱ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው፤ እፍ ማለትም የለም። በዚያች ክዳን የገባ ጀርም በቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገኘው። እናቱ «ቀስ በል እንጂ ልጄ፣ ማን አባረረህ?» አሉት። ከዚያ በኋላ እንደ እሱ ተጠንቅቆ ያሸ ሰው አላየሁም።

ሲሪንጁ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ ትንሹ ግፊቱ ስለሚበረታ ቱቦውን ሊቀድ ይችላል። ገፋ፣ ቆም፣ ገፋ እያደረጉ ያጥቡታል። እምቢ ካለ አለመታገል፣ መደወል። ግልጽ የሆነው ፕላስተር በየ7 ቀኑ ይቀየራል፤ ከረጠበ ወይም ከተላቀቀ ግን ያኔውኑ። ቱቦው በታጠበ ቁጥር የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ከመጣ፣ ወይም ክንዱ ካበጠ፣ ቀጠሮ መጠበቅ የለም።

ከማስገባቱ በፊት ያለውን ግን ቤተሰብ አያየውም፤ የእኛ ኃላፊነት ነው። ኩላሊቱ ለተዳከመ ሰው የክንዱ ደም ሥር ነገ ለዲያሊሲስ የሚያስፈልገው ሀብቱ ነው፤ ፒክ ላይን ደግሞ ያንኑ ደም ሥር ሊያጠበው ወይም ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ትእዛዝ ሲመጣልኝ አስቀድሜ የኩላሊት ምርመራውን አያለሁ። ጥሩ ካልሆነ፣ የቸኮለው ሐኪም ቅር ቢለውም፣ የኩላሊት ሐኪሙ ሳይጠየቅ ዕቃዬን አልፈታም።