ይለፍ

ወረቀቱ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። ከተማሪ ደብተር የተቀደደ ባለመስመር ገጽ ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉት ሦስት መስመሮች ደብዝዘዋል፤ ከግርጌው ያለው የገበሬ ማኅበር ክብ ማኅተም ግማሹ ደምቆ ግማሹ ጠፍቷል። ባለቤቱ እዚህ ቆቦ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ስማቸው አለ፣ የሚሄዱበት አለ፦ ወልድያ። ምክንያታቸው አለ፦ ለሕክምና። የተፈቀደላቸውም ቀን ተጽፏል፦ አራት።

«አራት ቀን በቃዎት ታዲያ፣ አባ?» አልኳቸው።

«የት በቅቶኝ! ስመለስ መኪናው ጎብዬ ላይ ተበላሸ። በአምስተኛው ቀን ስገባ ኬላ ላይ ያዙኝ። ሁለት ሌሊት ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወለል ላይ አደርኩ።»

«ምን ብለው ያዙዎት?»

«ቀኑ አልፏል ብለው ነዋ። ሌላ ምን ይላሉ፣ ልጄ?»

ከቆቦ እስከ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚያች መንገድ ወረቀት የሚጠየቅበት ዘመን ነበር ሲባል ዛሬ በባጃጅ የሚንሸራሸር ወጣት ተረት ይመስለዋል። ወረቀቱ «ይለፍ» ይባላል። በደርግ ዘመን፣ በተለይ ጦርነት ባለበት በእኛ በሰሜኑ፣ ገበሬ ከቀዬው ርቆ ሲሄድ ከገበሬ ማኅበሩ፣ ከተሜው ከቀበሌው ያወጣው ነበር። ይለፍ ታላቅ ወንድምም ነበረው፤ እሱ ኪስ ውስጥ ሳይሆን ፓስፖርት ላይ የሚመታው የመውጫ ቪዛ ነው።

ቪዛ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የሰው አገር የሚሰጠውን መግቢያ ነው። የመውጫ ቪዛ ግን የገዛ አገርህ ከራሷ እንድትወጣ የምትሰጥህ ፈቃድ ነው። ፓስፖርት ይዘህ፣ የምትሄድበት አገር ተቀብሎህ፣ ትኬት ቆርጠህ ያለ እሱ ቦሌን አታልፍም ነበር። ለማግኘት ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከመሥሪያ ቤት መልቀቂያ፣ ከግብር ዕዳ ነጻ ስለመሆን ማስረጃ፣ አንዳንዴም «ባይመለስ እኔ እጠየቃለሁ» የሚል ተያዥ ይጠየቅ ነበር። ይህን ሁሉ ማንም ሰው ላቡን አንጠፍጥፎ ሊያሟላው ይችላል። ዋናው ሥራ ያለው ማመልከቻው ከመስኮቱ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ እዚያ ማን እንደሚያየው፣ ስለ አመልካቹ ማን ምን ብሎ እንደጻፈ፣ የትኛው መዝገብ እንደተገለበጠ ባለጉዳዩ አያውቅም። የሚሰማው ሦስት መልስ ነው፦ «ገና አልተጣራም»፣ «ከበላይ አልመጣም»፣ «ነገ ይመለሱ»። አልተፈቀደም የሚል እንኳ የለም። ለእኔ ከመከልከሉ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው የሚከራከረው ነገር የለውምና።

የመጣን እንግዳ ማስቀረት በአገራችን ከደርግ በፊትም የነበረ ነው። ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ እ.ኤ.አ. በ1494 ገደማ ንጉሥ እስክንድር ዘንድ መልእክት ይዞ ደረሰ። ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ተከበረ፤ መሄድ ግን አልተፈቀደለትም። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ኮቪልያን እዚሁ አርጅቶ አገኘው፤ ቡድኑ ራሱም የወጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ከመልእክተኞቹ አንዱ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነበር፤ በአንጎት በኩል ሲያልፍ ከደጋው በታች ባለው በእኛው ቆላ ስለሚኖሩት ዶባ የሚባሉ ሕዝቦች ጽፏል። የአገሩን ጓዳ ያየ ሰው ወጥቶ የሚያወራው ነገር ቤተ መንግሥቱን ያሳስበው ነበር ብል ስሕተት አይመስለኝም።

ይለፍ ደግሞ ሰውን ብቻ ሳይሆን ወሬንም ያግድ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ከወሎ የተሻለ ምስክር የለም። በ1965 ሕዝቡ በረሃብ ሲረግፍ መንግሥት ችግሩን ሸሸገ፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን በጥቅምት 1966 እስኪያሳይ ድረስ ዓለም አልሰማም። ያን በመክሰስ ሥልጣን የያዘው ደርግ ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያው ቆመ። መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በድምቀት ሲከበር፣ ከቆቦ በአላማጣ አድርጎ ግራት ካሕሱን ሲወጡ የሚደረስባት ኮረም በረሃብተኛ ተሞልታ ነበር። የውጭ ጋዜጠኞች ግን ወደ ሰሜን መሄጃ ፈቃድ ተከልክለው አዲስ አበባ ቀሩ። ፈቃዱ የተለቀቀው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጹት ጥቅምት 13 ቀን ታየ፤ ዓለም የተንቀሳቀሰው ከዚያ ወዲያ ነው። የእኚያ አዛውንት ይለፍና የጋዜጠኞቹ ፈቃድ የአንድ እጅ ሥራ ናቸው። አንዱ የራበውን ወጥቶ እንዳይናገር፣ ሌላው የሚሰማውን ገብቶ እንዳያይ ያደርጋል።

ማጣራቱስ ያሰበውን ያዘ? እዚህ ላይ ታሪክ ትንሽ ትስቃለች። ተራው ሰው በመስኮት ሲመላለስ፣ ያለ ጥያቄ ይወጡ የነበሩት የታመኑት ናቸው፤ ወጥተው የቀሩትም እነሱው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽኑ ኮሚሽነር ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በ1978 ውጭ ቀሩ፤ ምክትላቸው ብርሃነ ደሬሳ በዚያው ዓመት ተከተሏቸው። በ1979 መጀመሪያ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጎሹ ወልዴ ከኃላፊነታቸው መልቀቃቸውን ውጭ ሆነው አስታወቁ። በሌላ በኩል ያለ ፈቃድ በእግሩ የወጣ ብዙ ነው። ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር ሱዳን ድረስ ተጉዘው ከዚያ በምስጢር በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ ዘመቻው ወሬው ሲወጣ በታኅሣሥ 1977 መጨረሻ ቆመ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ይለፍ ከመንገድ ላይ ጠፋ፤ የመውጫ ቪዛ ግን ዕድሜው ረዘም አለ። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው ደነገገ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ስም ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ የደኅንነት፣ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጉዳይ ባለሥልጣን። ፓስፖርት ሰጪውና ሰላዩ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ ማለት ነው። ያ ጣሪያ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በ1990 ታየ። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ ትውልዳቸው ከኤርትራ የሆነ ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ለጸጥታ ያሰጋሉ ተብለው ተባረሩ። ፍርድ ቤት አላያቸውም። በ1985ቱ የኤርትራ ሪፈረንደም ድምፅ መስጠት ለብዙዎቹ የዜግነት ማጣሪያ ሆነባቸው፤ ሲሰጡ ግን ያስጠይቃል ያላቸው አልነበረም።

በ1995 ዓ.ም የወጣው የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354 አንድ ጥሩ ነገር ይዞ ነበር። ማንም ሰው ከአገር እንዳይወጣ ሊከለከል የሚችለው በሕግ መሠረት ፍርድ ቤት ሲያዝ ብቻ ነው ይል ነበር። በ2011 ደግሞ ኢሚግሬሽን ከብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ወጥቶ ራሱን ቻለ። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ይህን ጽሑፍ በኃላፊ ጊዜ ብቻ በጻፍኩት ነበር። በ2016 የወጣው የአዋጁ ማሻሻያ ግን ለኢሚግሬሽን አገልግሎቱ ዋና ዳይሬክተር በአስቸኳይ ሁኔታ ሰው እንዳይወጣ የማገድ ሥልጣን ሰጠ። ለደኅንነት አስጊ የሆነ ሰው ሊኖር እንደሚችል አልክድም። እገዳው ግን ምክንያቱ በወረቀት ተጽፎ ለታገደው ይሰጠው፣ ዳኛም ይየው፤ አለዚያ ወደዚያችው መስኮት መመለሳችን ነው።

የቆቦ ወጣት ግን ይህን ሁሉ የሚከታተል አይመስለኝም። የእሱ ሐሳብ ሳዑዲ ነው። ከቀናው ደሴ ሄዶ ፓስፖርት ያወጣል። ካልቀናው በደላላ በሎጊያ በኩል ጅቡቲ ይገባል፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ጂዛን። በ2006 መንግሥት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድን ሲያግድ ይኸው መንገድ አልተዘጋም፤ እንዲያውም ሰው የበዛበት ያኔ ነው። በዚያው ዓመት ሳዑዲ 160 ሺህ ያህል ኢትዮጵያዊ ስትመልስ ተመላሹ ይዞት የመጣው አዲስ ቃል «አሻራ» ነበር። ሲባረር አሻራውን የሰጠ ሰው በሕጋዊ መንገድ ልመለስ ቢል ማሽኑ ያውቀዋል። ሻይ ቤት ውስጥ «አሻራ አለብኝ» ሲል የምትሰሙት እንደ ዕዳ አድርጎ ነው። የእኚያ አዛውንት ወረቀት ቢጠፋ በሌላ ይተካ ነበር፤ ጣት ግን አይተካም።

አዛውንቱ ይለፉን ካሳዩኝ በኋላ መልሰው በላስቲክ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት። «ምን ያደርግልዎታል አሁን?» ብላቸው «ማን ያውቃል» አሉኝ። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ያላችሁ ሰዎች አትጣሉት። አባት እናት በሕይወት ካሉ ጠይቃችሁ፣ የት ለመሄድ እንደወጣና ማን እንደፈረመበት በጀርባው ጻፉበት።