ለአሮጌ መኪና የሚስማማው ዘይት

መኪና ያለው ሰው ቤንዚን ሲያልቅበት ወዲያው ያውቃል፤ መኪናው ይቆምበታልና። ጎማውም ሲተነፍስ ከዓይን አይሰወርም። የሞተር ዘይት ግን እንዲህ አይደለም። ቢቀንስም፣ ቢቆሽሽም፣ ለሞተሩ የማይስማማ ዓይነት ቢሆንም፣ መኪናው ለጊዜው መሄዱን አይተውም። ጉዳቱ የሚገለጠው ውሎ አድሮ ነው፤ ያን ጊዜም የሚከፈለው የዘይት ዋጋ ሳይሆን የሞተር ዋጋ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በገዳሪፍና በመተማ መካከል ባለው ሞቃት አገር አሮጌ መኪና ለሚነዱ ሰዎች የዘይት አመራረጥና አቀያየር ምን መሆን እንደሚገባው ባጭሩ ልንገልጽ አስበናል።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። በሱዳን ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመጀመሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚያው በሚያዝያ ወር፣ ከጋላባት ተነሥተን ወደ ገዳሪፍ እንጓዝ ነበር። መንገዱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ብዙ ዘመን ያገለገለ ላንድ ክሩዘር ሲሆን፣ አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን ወደ ሐኪም ቤት ለማድረስ ከእኛ ጋራ ተሳፍራ ነበር። ዶካን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ቀይዋ የዘይት መብራት በራች። ባለ መኪናውም፦ «ልጁ ታሟል፤ አሁን የምንቆምበት ጊዜ አይደለም፤ ገዳሪፍ ስንደርስ እናየዋለን» አለ። ንግግሩ ከርኅራኄ የመጣ ስለ ነበረ ከእኛ መካከል የተቃወመው አልተገኘም።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ሞተሩ እንደ መዶሻ ይቀጠቅጥ ጀመር፤ ወዲያውም ደርቆ ቀረ። ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየን። በመጨረሻ ማሽላ የጫነ አንድ የጭነት መኪና እናቲቱንና ልጁን አሳፍሮ ወሰደልን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ በጊዜ ደርሶ ዳነ። ሞተሩ ግን አልዳነም።

በማግሥቱ መካኒኩ ሞተሩን ሲፈታው የቀረው ዘይት አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም ነበር፤ እርሱም እንደ ሬንጅ ጠቍሮ ወፍሮአል። የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ኩሽኔታዎች ተፍቀው አልቀዋል። መካኒኩም፦ «ጋሼ፣ ይህ ዘይት የተቀየረው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ባለ መኪናው፦ «ባለፈው ክረምት ይመስለኛል፣ ልጄ» አለ። «ከዚያ ወዲህስ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አልነበረውም። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ በመኪናው ኋላ ያልተከፈተ አንድ ጋሎን ዘይት ተጭኖ ነበር። መብራቷ በበራች ጊዜ ቆመን ብንጨምርበት ከዐሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅብንም ነበር። ባለ መኪናው ለልጆቹ ትምህርት ያኖረውን ገንዘብ ለሞተሩ ከፈለ፤ እኛም ለታመመው ልጅ የሚጠቅመው መቆም እንደ ነበረ በኋላ ተረዳን።

የዘይት ሥራ

ዘይት የሚለው ቃል በአማርኛም በዐረብኛም አንድ ስለ ሆነ፣ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ገበያ የሚወጣ ሰው ለመግባባት አይቸገርም። ሥራው ግን ብዙዎች እንደሚመስላቸው ማለስለስ ብቻ አይደለም። ብረትን ከብረት ይለያል፤ ውሃ የማይደርስበትን የሞተር ክፍል ያቀዘቅዛል፤ ጥላሸቱንና የብረቱን ብናኝ አጥቦ ይሸከማል፤ ከዝገትም ይጠብቃል። እንደ ቮልስዋገን ያለው በአየር የሚቀዘቅዝ አሮጌ መኪናማ የራዲያተር ውሃ ስለሌለው፣ ለማቀዝቀዣ የሚረዳው ከአየሩ ቀጥሎ ዘይቱ ነው።

ቍጥሮቹ ምን ይላሉ?

የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር፣ በአጭሩ ኤስ ኤ ኢ የሚባለው፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1911 ዘይትን በውፍረቱ እየለየ ቍጥር ሰጠው። በዘይቱ ዕቃ ላይ «20 ደብልዩ 50» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ ደብልዩ ያለበት የመጀመሪያው ቍጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚፈስስ ያመለክታል። ሁለተኛው ቍጥር ደግሞ በ100 ዲግሪ ሙቀት የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል። ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ ወፍራም ነው።

በገዳሪፍ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ስለዚህ በዚያ አገር ይበልጥ የሚታሰበው ሁለተኛው ቍጥር ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ለአሮጌ ሞተር 15 ደብልዩ 40 ወይም 20 ደብልዩ 50 ተስማሚ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ጧት ጧት ትበርዳለች፤ ቢሆንም ብርዷ እነዚህን ዘይቶች እንዳይፈስሱ የሚያግድ አይደለም። 0 ደብልዩ 20ን የመሰሉት ቀጫጭን ዘይቶች ግን የተሠሩት በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ለሆነው ለአዲሶቹ ሞተሮች ነው። በአገልግሎት ብዛት ክፍተቱ በሰፋ ሞተር ውስጥ ቢገቡ ግፊታቸው ይቀንሳል፤ በየስፌቱም ይንጠባጠባሉ።

ነገር ግን «ወፍራም ሁሉ መልካም ነው» ማለት ስሕተት ነው። ከመጠን በላይ የወፈረ ዘይት ሞተሩ ሲነሣ ወደ ላይኛው ክፍል ቶሎ አይደርስም፤ ብረቶቹም በዚያች አጭር ጊዜ ደረቅ ለደረቅ ይፋተጋሉ። ሰማያዊ ጢስ የሚያወጣ ሞተርም ዘይት በማወፈር ለጊዜው ይሸፈን እንደ ሆነ እንጂ አይድንም።

ፊደሎቹስ?

ከቍጥሩ ሌላ የአሜሪካ የነዳጅ ድርጅት፣ ማለት ኤ ፒ አይ፣ የሚሰጠው የፊደል ምልክት አለ። በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። «ኤስ ኤ» ተብሎ የተጻፈበት ዘይት ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1930 በኋላ ለተሠሩት ለአብዛኞቹ የቤንዚን መኪናዎች የማይስማማ ነው።

በብዙ አሮጌ ሞተሮች ውስጥ ቫልቩን የሚገፋው ብረት እየተንሸራተተ ይሠራል እንጂ አይንከባለልም፤ ስለዚህ በዘይቱ ውስጥ ዚንክና ፎስፎር ያሉበት ቅመም ያስፈልገዋል። ይህ ቅመም የአዲሶቹን መኪናዎች የጢስ ማጣሪያ ስለሚጎዳ በቀጫጭኖቹ ዘይቶች ውስጥ መጠኑ ተወስኖአል። 15 ደብልዩ 40ንና 20 ደብልዩ 50ን የመሰሉት ግን ከዚህ ወሰን ውጭ ናቸው፤ ለአሮጌ መኪና የሚመረጡበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው።

ናፍጣ የሚነዳ ሰው ደግሞ ስለ ድኝ ማሰብ አለበት። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ሲቃጠል አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም የዘይቱን ኀይል እየበላ ያደክመዋል። «ሲ አይ 4» የተባለው ዘይት ከመቶ እጅ እስከ ግማሽ እጅ ድኝ ላለበት ናፍጣ የተዘጋጀ ነው። ከእርሱ በኋላ የወጡት «ሲ ጄ 4»ና «ሲ ኬ 4» ግን ድኙ እጅግ ለተቀነሰለት ናፍጣ የታሰቡ ስለ ሆኑ፣ አዲስ መሆናቸው ብቻ ለሁሉ ቦታ የተሻሉ አያደርጋቸውም።

መቼ ይቀየር?

የአሮጌው ቮልስዋገን መጽሐፍ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር ያዝዛል፤ የሚይዘውም 2 ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን፣ ከሽቦ ወንፊት በቀር የዘይት ፊልትሮ የለውም። ይህ ልክ ግን ለደኅና መንገድ የተነገረ ነው። የገዳሪፍ ጥቍር አፈር በበጋ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው መኪናን ይዞ ያስጨንቃል። አቧራው ወደ ሞተሩ ከገባ ዘይቱን እንደ ሞረድ ያደርገዋል። በጭቃ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ አንድ ሰዓት የታገለ ሞተርም በቈጣሪው ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ያስመዘግባል፤ ድካሙ ግን የረጅም መንገድ ድካም ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር ልኩን በግማሽ ቀንሶ በየ2,500 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ይገባል። ብዙ የማይሄድ መኪና ቢሆንም እንኳ ክረምት ሳይገባ በግንቦት፣ ክረምቱም ካለፈ በኋላ በጥቅምት ቢቀየር መልካም ነው። ፊልትሮ ያለው መኪና ፊልትሮው ከዘይቱ ጋራ ይለወጥ፤ የአየር ማጣሪያውም በበጋ ቶሎ ቶሎ ይጽዳ።

ቀኑንና የቈጣሪውን ቍጥር በማስታወስ ብቻ መያዝ አይቻልም። በቤት ወጪ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ለመኪናው ይሰጠው። የቤት እመቤት ወይም መጻፍ የተማረ ልጅ ዘይቱ የተቀየረበትን ቀን፣ የቈጣሪውን ቍጥርና የዘይቱን ዓይነት ይመዝግብ። ያን ዕለት መካኒኩ ለጠየቀው ጥያቄ መልስ የሚሆነው ይህ አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር።

ዘይቱም በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጧት ሞተሩ ሳይነሣ፣ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ይመርመር። መለኪያው ዘንግ ተጠርጎ እንደ ገና ሲገባ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሊታይ ይገባል። ከላይኛው ምልክት ቢያልፍም አረፋ ስለሚያወጣ ጉዳት አለው። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ መጥቈሩ ብቻ አያስደንግጥ፤ እንደ ወተት ቢነጣ ግን ውሃ ገብቶበታልና መኪናው ሳይነሣ ወደ ጋራዥ ይጐተት። ዘይት ሲገዛም ክዳኑና ማኅተሙ ይታይ፤ በአሮጌ ዕቃ የተሞላ የተቃጠለ ዘይት እንደ አዲስ የሚሸጥበት ጊዜ አለና። ተቀይሮ የወጣውንም በመሬት ላይ አያፍስሱት፤ በዚያ አገር ሰውና ከብት የሚጠጡት የዝናብ ውሃ የሚጠራቀመው በዚያው መሬት በተቈፈረ ኩሬ ውስጥ ነው።

ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ ከሸሹት ቤተ ሰቦች መካከል፣ ከቀድሞ ንብረታቸው አሮጌ መኪና ብቻ የቀራቸው አይጠፉም። ለእነርሱ መኪናው መጓጓዣም፣ እንጀራም፣ በክፉ ቀን ማምለጫም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው፤ ቀይዋ መብራት በበራች ጊዜ የሚቻኰል ሰው ይቁም፤ የታመመ የጫነ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ይቁም።